ያልያዙትን መጠበቅ ይቻላልን?

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚሰበስበው ሀብት አብዛኛው ሲካፈሉት የሚያንስ ነው። አንድ እንጀራ ለሁለት የቈረሰ ሰው ግማሹን ያጣል፤ ርስቱንም ለልጆቹ ያከፋፈለ አባት በመጨረሻ የሚቀርለት ጥቂት ነው። ዕውቀት ግን እንዲህ አይደለም። መምህር ያወቀውን ለደቀ መዝሙሩ ቢያስተምር ከራሱ አንዲት ቃል እንኳ አትጐድልበትም፤ ይልቁንም ባስተማረ መጠን የራሱ ዕውቀት እየጠራ ይሄዳል። ነገር ግን ዕውቀት የሚቀመጥበት ዕቃ፥ ይኸውም መጽሐፍ፥ እንደ ዕውቀቱ አይደለም። ብራናው በእሳት ይቃጠላል፥ በዝናብ ይረጥባል፥ በአይጥ ይበላል፥ በሌባ ይወሰዳል። የማያልቀው ዕውቀት በሚያልቅ ዕቃ ተይዞ ከትውልድ ወደ ትውልድ መተላለፍ ስላለበት፥ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ለመጻሕፍት ቤት ሠሩ፤ ለቤቱም ጠባቂ ሾሙ።

የጠባቂ ሥራ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ጠባቂ የሚባለው አንድን ነገር በእጁ ይዞ፥ ቢጠፋ የሚጠየቅበት፥ ባለቤቱም በመጣ ጊዜ አውጥቶ የሚያስረክብ ሰው ነው። በዚህ ዘመን ግን ከዚህ ከታወቀው ነገር ውስጥ አንድ አዲስ ጥያቄ ተነሥቷል። ጠባቂ የተባለው ሰው የሚጠብቀው ነገር በእጁ ባይኖር፥ በእርሱ ዘንድ የሚገኘው ወደ ነገሩ የሚያደርስ መንገድ ብቻ ቢሆን፥ ያ ሰው ጠባቂ ሊባል ይችላልን? ነገሩስ በጠፋ ጊዜ የሚጠየቀው ማን ነው? ይህ ጥያቄ የቃላት ጨዋታ መስሎ እንዳይታይ፥ አብያተ መጻሕፍት ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ ያለፉበትን መንገድ መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የጥንቱን ሥርዐት ማስታወስ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ በየገዳሙና በየደብሩ መጻሕፍት የሚቀመጡት በዕቃ ቤት ነው። ከብራና መጻሕፍት በብዙዎቹ ላይ መጽሐፉን ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ከስሙም ጋር መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሕፈቱን የፋቀ ሰው የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት አለ። ይህን ግዝት የጻፉት ሰዎች ዕውቀትን ለመደበቅ የፈለጉ አልነበሩም። መጽሐፉ ከቦታው የተነሣ እንደ ሆነ ከኋላ የሚመጣው አንባቢ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ስለ ፈሩ ነው። በአውሮፓም በቀድሞ ዘመን መጻሕፍትን በብረት ሰንሰለት ከመደርደሪያቸው ጋር የሚያስሩ አብያተ መጻሕፍት ነበሩ፤ በእንግሊዝ አገር በሄርፎርድ ካቴድራል ያለው እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል። ግዝቱና ሰንሰለቱ በአሠራር ቢለያዩም አሳባቸው አንድ ነበረ፤ ገና ላልተወለደው አንባቢ መጠንቀቅ ነው።

ይህ ሥርዐት ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይናወጥ ቈየ። በዚህ በኋለኛው ዘመን መጀመሪያ የተለወጠው የመጻሕፍት ዝርዝር ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ ሄንሪየት አቭራም፥ በወረቀት ካርድ ላይ ይጻፍ የነበረውን የመጽሐፍ ስም፥ የደራሲ ስምና የመሳሰለውን ሁሉ ኮምፒዩተር ሊያነበው በሚችል ሥርዐት አዘጋጁት። በ1967 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት ያሉ ኮሌጆች የመጻሕፍታቸውን ዝርዝር በአንድነት ለመያዝ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ዝርዝሩ በስልክ መስመር ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መተላለፍ ጀመረ። አንዱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ጊዜ የጻፈውን ሌላው እንደ ገና ከመጻፍ ዳነ። ይኸው ማኅበር የመጨረሻውን የዝርዝር ካርድ ያተመው በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ግን መጽሐፉ ራሱ በመደርደሪያው ላይ ነበረ። መሣሪያው መንገድ አሳየ እንጂ ዕቃውን ከጠባቂው እጅ አልወሰደም።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1989 ዓ.ም. ቲም በርነርስ ሊ የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ፥ በጄኔቭ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የሳይንስ ምርምር ተቋም ሳሉ፥ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለው ጽሑፍ እርስ በርሱ የሚያያዝበትን ዘዴ አቀረቡ። ተቋሙም በ1993 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ይህን ዘዴ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ለዓለም ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ክረምት ወንዝ ሞላ። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ ከነበሩት የሕዝብ አብያተ መጻሕፍት ከመቶው 21 ያህሉ ብቻ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙ ነበሩ፤ በ2000 ዓ.ም. ግን ከመቶው ከ95 የሚበልጡት ተገናኝተው ነበር።

በዚያን ጊዜ በሰዎች መካከል ሁለት አሳብ ሆነ። አንዳንዶቹ፥ ማንም ሰው በቤቱ ተቀምጦ የዓለምን ጽሑፍ ማንበብ ከቻለ ቤተ መጻሕፍት ስለ ምን ያስፈልጋል? ይሉ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ አዲሱን ነገር እንደሚያልፍ ዝናብ ቈጥረው መስኮታቸውን ዘግተው ሊያሳልፉት ወደዱ። ሁለቱም ተሳሳቱ። የፊተኞቹ የተሳሳቱት፥ ሰው ሁሉ በቤቱ ኮምፒዩተር ያለው፥ የመስመሩንም ዋጋ ለመክፈል የሚችል ስለ መሰላቸው ነው። የኋለኞቹም የተሳሳቱት፥ የመጽሐፍ ጠባቂ ሥራ ከወረቀቱ ጋር አብሮ የተሰፋ ስለ መሰላቸው ነው።

ድኻው ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍት መምጣቱን አልተወም፤ እንዲያውም የሚመጣበት ምክንያት በዛ። የአሜሪካ መንግሥት በ1996 ዓ.ም. ባወጣው የመገናኛ ሕግ፥ ትምህርት ቤቶችና አብያተ መጻሕፍት የኢንተርኔትን አገልግሎት በተቀነሰ ዋጋ እንዲያገኙ ተወሰነ። ሥራ ፈላጊው ማመልከቻውን፥ ስደተኛው ወደ ዘመዱ የሚልከውን ደብዳቤ፥ ተማሪው የትምህርቱን ጽሑፍ እዚያ ይጽፍ ጀመር። በ2005 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ የሉዊዚያናንና የሚሲሲፒን ጠረፍ በመታ ጊዜ፥ ቤታቸው የፈረሰባቸው ብዙ ሰዎች የመንግሥትን ርዳታ የሚጠይቁበትን ቅጽ የሞሉት በአብያተ መጻሕፍት ኮምፒዩተሮች ነው። እንግዲህ ቤተ መጻሕፍት በሩን ለአዲሱ ነገር በመክፈቱ የቀድሞ ባሕርዩን አልለቀቀም። ገንዘብ የሌለው ሰው ገንዘብ ካለው ሰው እኩል የሚያነብበት ቦታ መሆን ከጥንትም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክብር ነበርና።

ይሁን እንጂ በሩን መክፈት ብቻ አልበቃም። በመደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ ወደዚያ የደረሰው አንድ ሰው መርምሮት፥ ይገዛ ብሎት ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው ግን ማንም ሳይመረምረው ይመጣል፤ የሊቁ ቃልና የአታላዩ ቃል በአንድ ዐይነት ፊደል፥ በአንድ ዐይነት መስኮት ይታያሉ። ይህን ያዩ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ተማሪዎችና መምህራቸው በ1995 ዓ.ም. ሕንጻና መደርደሪያ የሌለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ላይ አቋቋሙ። ሥራቸውም ከሚታየው ጽሑፍ መካከል የታመነውን መርጦ በየርእሱ ማሰናዳት፥ ጥያቄ ለሚልክም ሰው መልስ መስጠት ነበር። ይህ ቤት እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አገለገለ። ስንዴውንና እንክርዳዱን በአንድነት የሚያበቅል እርሻ በሰፋ ቍጥር ለይቶ የሚያሳይ ሰው ይበልጥ እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይታወቃል።

ከመምረጥ ቀጥሎ የመከልከል ጥያቄ መጣ። ክፉ ምስል ለልጆች እንዳይታይ በማሰብ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2000 ዓ.ም. ሕግ አወጣ፤ ሕጉም በመንግሥት ገንዘብ ኢንተርኔትን የሚያገኝ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ የሚያጣራ መሣሪያ በኮምፒዩተሮቹ ላይ እንዲያደርግ የሚያዝ ነበር። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር፥ መሣሪያው ክፉውን ሲከለክል መልካሙንም አብሮ ይከለክላል ብሎ ተከራከረ። የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2003 ዓ.ም. ስድስት ዳኞች በሦስት በልጠው ሕጉን አጸኑት፤ ዐዋቂ የሆነ ሰው ግን ማጣሪያው እንዲነሣለት የቤቱን ሠራተኛ ሊጠይቅ እንደሚችል በፍርዱ ታስቦ ነበር። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ የሁሉንም ልብ አላሳረፈም። ከእርሱ የሚገኘው ትምህርት ግን ግልጥ ነው። ለልጅ የሚጠነቀቅ አባት የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ፍርድን ለማያስብ መሣሪያ አሳልፎ ሰጥቶ የሚተኛ ጠባቂ፥ ስለ ታገደው መልካም ነገርም ሆነ ስለ ሾለከው ክፉ ነገር ሊጠየቅ ይገባዋል። መሣሪያ ኀላፊነት የለበትም፤ ኀላፊነት ያለበት ሰው ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለ መክፈትና ስለ መለየት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ስለ ማቈየት ነው። በኢንተርኔት ላይ ያለ ጽሑፍ እንደ ድንጋይ ጽሕፈት የጸና ለሚመስለው ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው። ባለቤቱ ክፍያውን ባይከፍል ወይም አሳቡን ቢለውጥ፥ ትናንት የተነበበው ገጽ ዛሬ አይገኝም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማእከል በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ በ2013 ዓ.ም. ከነበሩት ድረ ገጾች ከመቶው 38ቱ ከ10 ዓመት በኋላ ሊገኙ እንዳልቻሉ ገልጿል። አንድ የብራና መጽሐፍ አምስት መቶ ዓመት በሚቈይበት ዓለም፥ የዚህ ዘመን ሰው አሳቡን የጻፈበት ገጽ 10 ዓመት መቈየት አቃተው።

ይህን አደጋ አስቀድመው ያዩ ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. ብሩስተር ኬል የተባሉ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ድረ ገጾችን በየጊዜው እየገለበጠ የሚያስቀምጥ ቤት አቋቋሙ፤ ስሙም ኢንተርኔት አርካይቭ ይባላል። በዚያው ዓመት የስዊድንና የአውስትራሊያ ብሔራዊ አብያተ መጻሕፍት እያንዳንዳቸው የአገራቸውን ድረ ገጾች መሰብሰብ ጀመሩ። በብሪታንያም አሳታሚ ሁሉ የመጽሐፉን አንድ ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስረክብ የሚያዘው የቀድሞ ሕግ፥ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኢንተርኔት የሚወጣውንም ጽሑፍ እንዲጨምር ሆነ። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ነገር ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ በሩቅ ያለውን በመስኮት ከማየት አልፈው ገልብጠው ወደ ቤታቸው አገቡት። በመስኮት የሚታይ ተራራ የቤቱ ባለቤት ሀብት እንዳልሆነ ገብቷቸው ነበርና።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን በገንዘብ የሚገኘው ጽሑፍ ነው። የሳይንስና የሕክምና መጽሔቶች በወረቀት ይታተሙ በነበረበት ዘመን፥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመቱ ከፍሎ መጽሔቱን ይቀበል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ቢያጥረውና ቢያቋርጥ፥ ቀድሞ የተቀበላቸው ቅጾች በመደርደሪያው ላይ ይቀሩለት ነበር። መጽሔቶቹ ወደ ኢንተርኔት በገቡ ጊዜ ግን የንግዱ ሥርዐት ተለወጠ። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፍለው መጽሔቱን ለመግዛት መሆኑ ቀርቶ፥ በአሳታሚው ኮምፒዩተር ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማየት የሚያስችል ፈቃድ ለመቀበል ሆነ። ውሉ ባለቀና ገንዘቡ ባልተከፈለ ጊዜ፥ አሳታሚው በውሉ ውስጥ ሌላ ነገር ካልፈቀደ በቀር፥ አዲሱ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዓመት የተከፈለበትም ጭምር በአንድ ቀን ይዘጋል።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁለት ገበሬዎች ነበሩ እንበል። አንዱ በየዓመቱ ከምርቱ ጥቂት እህል በጐተራው ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ጐተራውን አፍርሶ፥ ሲርበው ከባለጠጋ ጐረቤቱ ማጀት ገብቶ እንዲበላ በየዓመቱ ገንዘብ ይከፍላል። በጥጋብ ዘመን ሁለተኛው ይበልጥ ደስ ብሎት ይኖራል፤ የጐረቤቱ ማጀት ሰፊ ነውና፥ አይጥና ነቀዝ የመጠበቅም ድካም የለበትምና። በራብ ዘመን ግን የጐረቤቱ በር ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ለ20 ዓመት የከፈለው ገንዘብ አንዲት ቍና እህል አይሆንለትም። ሁለተኛውን ገበሬ ሰነፍ ነው ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው። ነገር ግን በቤቱ የሚያስተዳድራቸው ልጆች ቢኖሩትና እነርሱ ለዛሬ እንዲጠግቡ አስቦ ያደረገው ቢሆን ፍርዱ ይከብዳል። የአብያተ መጻሕፍትም ነገር እንዲሁ ነበር። ተማሪው በሌሊት በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ የሺህ መጽሔቶችን ጽሑፍ እንዲያነብ ማድረግ መልካም ሥራ ነው፤ ይህን የነፈገ ጠባቂ ይወቀስ ነበር። ለዛሬው አንባቢ የሚደረገው ቸርነት የነገውን አንባቢ ድርሻ የሚበላ ሲሆን ግን፥ ሁለት እውነተኛ ግዴታዎች እርስ በርሳቸው ተፋጠጡ ማለት ነው።

ከዚህ ጭንቀት መውጫ ከፈለጉት መካከል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ይገኛሉ። ቪኪ ራይክና ዴቪድ ሮዘንታል የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1999 ዓ.ም. ገደማ አንድ ሥርዐት አቆሙ፤ ስሙ ሲተረጐም፥ ብዙ ቅጂ ንብረትን ያድናል እንደ ማለት ነው። በዚህ ሥርዐት እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት፥ በአሳታሚው ፈቃድ፥ የከፈለበትን መጽሔት በርካሽ ኮምፒዩተር ገልብጦ በራሱ ቤት ያኖራል። እነዚህም ኮምፒዩተሮች በየጊዜው ቅጂዎቻቸውን እርስ በርሳቸው ያስተያያሉ፤ የአንዱ ቅጂ የተበላሸ ሆኖ ከተገኘ ከሌሎቹ ተወስዶ ይታረማል። ይህ ለሊቃውንቱ አዲስ ዘዴ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፍት ግን እንግዳ አይሆንባቸውም። አንድ ገዳም የሌለውን መጽሐፍ ከሌላ ገዳም ተውሶ ያስጽፍ ነበር፤ ጸሐፊው የሳተውንም አራሚው ከሌላ ቅጂ ጋር አስተያይቶ ያቃና ነበር። በጦርነት የአንዱ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ቢቃጠል፥ መጽሐፉ በሌላው ተራራ ላይ በሕይወት ይገኛል። ብዙ ድርሳናትና ገድላት እስከዚህ ዘመን የደረሱት አንድ ብርቱ ግንብ ስለ ጠበቃቸው አይደለም፤ ብዙ ደካማ ጐጆዎች ስለ ተካፈሏቸው ነው።

ይህንኑ ነገር በቅርብ ዘመን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በተባለ ስፍራ የሚኖሩ የቤኔዲክት ማኅበር መነኰሳት፥ በዓለም ጦርነት የጠፋውን መጽሐፍ ብዛት አይተው፥ በ1965 ዓ.ም. የአውሮፓን ገዳማት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። በ1973 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው ይኸው ሥራ በኢትዮጵያ ተጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ፤ ሥራው ግን አልቆመም፤ በመጨረሻም 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት ተነሡ። መጻሕፍቱ ለየባለቤቶቻቸው ተመለሱ፤ ፊልሙ ግን በአዲስ አበባና በኮሌጅቪል በሁለት ስፍራ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 ዓ.ም. በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ ወደዚያ ሄዱ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በ2021 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀትና ምስጢራቸውን በመግለጥ ደከሙ። ዛሬ ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ በኢንተርኔት ላይ ይነበባሉ። በጐንደር ያለ ተማሪና በሮም ያለ ሊቅ አንዱን ቅጠል በአንድ ሰዓት ሊያዩት ይችላሉ።

ከእነዚህ መጻሕፍት የአንዱ ዋና ቅጂ በጦርነት ወይም በስርቆት ቢጠፋ ፊልሙ ጽሕፈቱን ያድነዋል። ነገር ግን ፊልሙ ብራናውን፥ ቀለሙን፥ የአንባቢዎቹን የጣት እድፍ አያድንም፤ በቅዳሴ ጊዜ ከመንበሩ አጠገብ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ አንዳንድ የገዳም አባቶች የውጭ ሰው ካሜራ ይዞ ሲመጣ ቢያመነቱ፥ ባላዋቂነት ሊታማባቸው አይገባም። ከቤታቸው ለማየት ተብሎ የወጣ ያልተመለሰበት ጊዜ እንደ ነበረ ያውቃሉ። እንደዚሁም ምስሉ የሚነሣው ለማን ጥቅም እንደ ሆነ፥ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ፥ ማን እንደሚጠየቅበት አጥርተው መጠየቃቸው የጠባቂነት ሥራቸው ነው። ይህን ጠይቀው መልስ ካገኙ በኋላ መፍቀዳቸውም እንዲሁ የጠባቂነት ሥራቸው ነው።

የዚህ ጥያቄ ክብደት በ2023 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በግልጥ ታየ። በ1868 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ሠራዊት ወስዷቸው ከነበሩት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ከእነዚህም የብዙዎቹ ምስል ተነሥቶ በኢንተርኔት ወጥቶ ነበር። በ2023 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ በኮምፒዩተር የሚዘርፉ ሌቦች ወደዚያ ቤተ መጻሕፍት ሥርዐት ገብተው መሣሪያዎቹን አበላሹ፤ ገንዘብም ጠየቁ። ቤቱ አልከፈለም፤ እነርሱም የሰረቁትን ጽሑፍ አደባባይ አወጡት። የንባብ ክፍሎቹ አልተዘጉም ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ሳለ፥ የት እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ስለ ጨለመ፥ ብዙው ሊወጣ አልቻለም። ዝርዝሩ እንደ ገና ለሕዝብ የታየው በ2024 ዓ.ም. በጥር ወር ነው፤ የብራናዎቹ ምስል ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ሳይመለስ ቈየ። እንግዲህ በኢትዮጵያ ያለ አንባቢ፥ ከአያቶቹ ቤት ለወጣው መጽሐፍ፥ አስቀድሞ ብራናውን በኋላም ምስሉን አጣ። ሁለቱም በአንድ ቤት፥ በአንድ ቍልፍ ሥር ነበሩና።

ይሁን እንጂ በዚህ መከራ ውስጥ የሚመሰገን ነገር አልጠፋም። ያ ቤተ መጻሕፍት በ2024 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የደረሰበትን ጕዳትና የራሱን የአሠራር ጕድለት ዘርዝሮ፥ ሌሎች ከእርሱ እንዲማሩ፥ ለሕዝብ በጽሑፍ ገለጠ። ጕድለትን መሸፈን በሚቻልበት ጊዜ መናዘዝ የጠባቂ ምልክት ነው። ሌባ የገባበት ዘበኛ ሁሉ ከዳተኛ አይባልም፤ ሌባ መግባቱን የደበቀው ግን ዘበኛነቱ ያን ቀን አለቀ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይገባል። ያልያዙትን መጠበቅ ይቻላልን? መልሱ አይቻልም ነው። ሰው በእጁ ለሌለው ነገር ምስጋናን ሊቀበልበት ይችላል፤ መንገዱንም ለሌላው ሊያሳይ ይችላል፤ ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ ግን የሚያስረክበው የለውም። ስለዚህ ወደ ሌላ ሰው ቤት የሚያደርስ መንገድ ብቻ ያለው ቤት መልካም የእንግዶች መሪ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ሊባል ግን አይገባውም። በሌላ ወገን ደግሞ በመክሊቱ ምሳሌ የተነገረውን ባሪያ ማስታወስ ያስፈልጋል። ያ ባሪያ የተቀበለውን አልሰረቀም፥ አላባከነም፤ በምድር ቀብሮ እንደ ነበረ መለሰው፤ ሆኖም ተፈረደበት። መጽሐፍን በሣጥን ቈልፎ ለማንም የማያሳይ ሰው ከዚያ ባሪያ አይሻልም። መያዝ የጠባቂነት መሠረት ነው፤ ፍሬው ግን መስጠት ነው። መሠረት የሌለው ቤት ይወድቃል፤ ፍሬ የሌለው ዛፍም ይቈረጣል።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ድኻ የሆነ ቤተ መጻሕፍት ይህን ሁሉ ሊፈጽም እንደምን ይችላል? የዓለምን ጽሑፍ ሁሉ ገልብጦ ለማኖር ገንዘቡስ ዕውቀቱስ ከየት ይመጣል? ይል ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ የዓለምን ሁሉ አደራ በአንድ ትንሽ ቤት ላይ የሚጭን ግን የለም። የየአንዳንዱ ቤት አደራ የራሱ ነው። የወረዳ ቤተ መጻሕፍት የወረዳውን ታሪክ፥ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ሥራ፥ ደብር የደብሩን መጽሐፍ ቢይዝ፥ ከያዘውም አንዱን ቅጂ ለጐረቤቱ ቢሰጥና የጐረቤቱን ቢቀበል፥ ለቀረው ከሌላ ቤት ማየትና መዋስ አያሳፍረውም። የሚያሳፍረው ከእርሱ በቀር ማንም የማይጠብቀውን ነገር ሌላ ሰው ይጠብቀዋል ብሎ መተዉ ነው።

አበው አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ ይላሉ። ገንዘብ አደራ ያስቀመጠ ሰው አንድ ቀን መጥቶ ይጠይቃል፤ ባይሰጡት ይከሳል፥ ይጮኻል። መጽሐፍን አደራ ያስቀመጡት ግን ሞተዋል፤ የሚቀበሉትም ገና አልተወለዱም። በሁለቱ መካከል የቆመው ጠባቂ ዛሬ ቢያጐድል የሚከሰው ሰው የለም። ስለዚህም ይህ አደራ ከአደራ ሁሉ የሚከብድ ነው፤ ምስክሩ የጠባቂው ሕሊናና እግዚአብሔር ብቻ ናቸውና።